እሁድ የሰማነውን ቃል ቤት ውስጥ እንዴት እንኑረው?

ስብከት ሰምተን እንወጣለን። ማስታወሻ ደብተራችን ሞልቷል፣ ልባችንም ተነክቷል። ቤት ደርሰን ጫማችንን ሳናወልቅ ግን በትንሽ ነገር ድምፃችን ከፍ ይላል። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩናል። ይሄ የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

ያዕቆብ እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ፊቱን በመስተዋት አየ፣ ሄደ፣ ወዲያው ምን እንደሚመስል ረሳ ይላል (ያዕ. 1፥23-24)። ሰውየው መስተዋቱን አልጠላም። አላየሁም ብሎም አልካደም። ያየውን ነገር ሳያስተካክል መንገዱን ቀጠለ፣ በቃ።

በእኔ እምነት የብዙዎቻችን ችግር የእውቀት ማነስ አይደለም። እውነቱን በጅምላ መውሰዳችን ነው። “ፍቅር ይኑረን” ሲባል አሜን እንላለን። ለማን? መቼ? በየትኛው ጉዳይ? እዚያ ላይ ዝም እንላለን። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር ይህን ዝምታ ለመስበር ነው። ለአንድ ሳምንት አንድ ቃል ትይዛላችሁ፤ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ታደርጋላችሁ። ከቤት ይጀመራል፣ ከዚያ ወደ ጉባኤ ይወሰዳል። ቤት የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ይጠይቃል (1 ጢሞ. 3፥5)።

1. አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ውጡ

ስብከቱ አምስት ነጥብ ቢኖረውም አምስቱንም ለመያዝ አትሞክሩ። አንዱን ምረጡ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገን ደስ ያሰኘን ክፍል ሳይሆን ወንበራችን ላይ ያቁነጠነጠን ነው። እሱን ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ጻፉት። ቤት ስትደርሱ ከላይና ከታች ያሉትን ቁጥሮችም አንብቡ። ለማን ነው የተጻፈው? ምን አድርጉ ይላል? ምን ተስፋ ይሰጣል?

“ለማን ነው የተጻፈው?” የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ኤፌሶን 5 ላይ ሚስቶች ለባሎቻቸው እንዲገዙ የሚለውን ቁጥር ብዙ ባል በቃሉ ይዞታል። ከፊቱ ያለው ቁጥር 21 ሁላችንም እርስ በርሳችን እንድንገዛ እንደሚያዝ ግን ብዙም አይጠቀስም። ትንሽ ወረድ ሲባል ለባል የተጻፈው ይመጣል፦ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደና ራሱን ስለ እሷ አሳልፎ እንደ ሰጠ ሚስትህን ውደድ (5፥25)። ደግሞ ቁጥሮቹን ብታዩ ለባል የተጻፈው ለሚስት ከተጻፈው በብዙ ይረዝማል። ልጆችን ታዘዙ ካለ በኋላም ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል (6፥1-4)።

ስለዚህ በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ የማይሻር ደንብ አለ። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የተጻፈውን ያንብብ። ባል የባልን፣ ሚስት የሚስትን፣ ወላጅ የወላጅን። “ቃሉ እኮ እንዲህ ይላል” ብላችሁ ጣታችሁን ወደ ሌላው ለመቀሰር ስትነሱ፣ የሌላ ሰው ክፍል እያነበባችሁ እንደሆነ እወቁ።

2. ቃሉን ስምና ሰዓት ስጡት

ይዛችሁ የወጣችሁት ቃል “ፍቅር ይታገሣል” የሚለው ነው እንበል (1 ቆሮ. 13፥4)። “በዚህ ሳምንት ታጋሽ እሆናለሁ” ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ “ማታ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቀኝ፣ ስልኬን አስቀምጬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ‘ስንቴ ልንገርሽ?’ አልላትም።” አሁን ነገሩ መልክ ያዘ። ሰው አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሌላ ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ማታ ሲመጣ ወይ ተደርጓል ወይ አልተደረገም።

ጸሎቱንም በዚያው ልክ አጥብቡት። “ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ” ጥሩ ጸሎት ነው። “ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ማታ የሂሳብ ደብተሩ ሲከፈት ምላሴን ያዝልኝ” የሚለው ግን ወደ ጉዳዩ ይገባል። ዳዊትም ለአፉ ጠባቂ እንዲያቆምለት ለምኗል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ሳይባል ከቀረ አሠራሩ ሁሉ ሸክም ይሆናል። ይህን የምናደርገው እግዚአብሔር እንዲወደን አይደለም። የኤፌሶን መልእክት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች እግዚአብሔር በክርስቶስ ስላደረገልን ነገር ነው የሚናገረው። “ለተጠራችሁበት እንደሚገባ ተመላለሱ” የሚለው ምዕራፍ 4 ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የተደረገልንን ሳናስብ ወደ ትእዛዙ ከዘለልን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ እንታክታለን ወይ እንመጻደቃለን። እና ተግባሩን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ መስመር ምስጋና ጻፉ። “እኔን ስንት ጊዜ ታገሠኝ” ብሎ የጀመረ ሰው ልጁን ለመታገሥ ጉልበት አያጣም።

3. ይቅርታ አጠያየቅን ተማሩ

እዚህ ቁጭ ብለን ረዘም ያለ ጊዜ እንውሰድ። ብዙ የቤተሰብና የጉባኤ ቁስል የሚያመረቅዘው እዚህ ላይ ነውና።

ጌታ ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ ያለውን ልብ በሉ። መባህን ልታቀርብ መሠዊያው ጋ ደርሰሃል። እዚያ ቆመህ ወንድምህ አንዳች ነገር በአንተ ላይ እንዳለው ትዝ አለህ። መባህን እዚያው ተወው፣ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ነው የሚለው። ተነስ የተባለው ቅር ያሰኘው ሰው ነው። የተቀየመው እስኪመጣ አይጠበቅም። አምልኮው እንኳ ይቆየዋል።

እንግዲህ እንዴት ይጠየቃል? የጠፋው ልጅ ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ገና መንገድ ሳይጀምር የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር፦ “አባቴ ሆይ፥ በሰማይና በፊትህ በደልሁ” (ሉቃ. 15፥18)። ስለ ረሃቡ ዘመን ሰበብ አልደረደረም። “ጓደኞቼ አሳሳቱኝ” አላለም። እናንተም እንደ እሱ ቃላችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ቢቻል ጻፉት።

ጥፋቱን በስሙ ጥሩት። “አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ” የሚባለው ይቅርታ አይደለም፤ መቀየሟን ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል። “ትናንት እንግዶቹ ፊት ስታወሪ አቋረጥኩሽ፣ ከዚያም ሳቅኩብሽ። አሳፈርኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።” በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሙ። ቀጥሎ “ግን አንቺም እኮ” የሚል ነገር ምላስ ላይ ይመጣል። ዋጡት። እሷ ያጠፋችው ካለ ሌላ ቀን ይነገራል፤ ዛሬ የእናንተ ተራ ነው።

ጥፋቱን ያዩ ሰዎች ይቅርታውንም ይስሙት። ልጆች ፊት ጮሃችሁ ከሆነ ጓዳ ገብቶ በሹክሹክታ መታረቅ ግማሽ ሥራ ነው። ልጆቹ ጩኸቱን ይዘው ይተኛሉ፣ እርቁን ግን አላዩም።

የሚጠገን ነገር ካለ ጠግኑ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ “አዝናለሁ” ብቻ ብሎ አልቀረም። ያለውን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። የሰው ስም ያጎደፋችሁ ከሆነ ወሬውን የነገራችኋቸው ሰዎች ጋ ተመልሳችሁ “ያን ጊዜ ያልኩት ትክክል አልነበረም” በሉ። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። ስለከበደ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀረው።

ከዚያ ጊዜ ስጡ። “መጽሐፍ ቅዱስ ይቅር በሉ ይላል፣ ለምን ታኮርፊያለሽ?” ማለት ይቅርታ ጠያቂውን መልሶ ከሳሽ ያደርገዋል። የተጎዳ ሰው ልቡ በራሱ ፍጥነት ይመለሳል። የእናንተ ድርሻ ጥፋቱን አለመድገም ነው።

ለልጅስ ይቅርታ ይጠየቃል? “ክብሬ ይወርዳል፣ ነገ አይሰማኝም” የሚሉ ወላጆች አሉ። አልስማማም። ልጁ ማን እንዳጠፋ ቀድሞ ያውቃል፤ የማያውቀው አባቱ ያንን ለማመን ድፍረት እንዳለው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ፣ “ዛሬ ሳልሰማህ ቀጣሁህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ” በሉት። ስለ ንስሐ ከምታስተምሩት ብዙ ትምህርት ይልቅ ይሄ ይገባዋል። “አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው” የተባለውም ለዚህ ነው (ቆላ. 3፥21)።

አሁን ደግሞ በጥብቅ የምናገረው ነገር። ቤት ውስጥ ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ካለ “ቻይው፣ ጸልዪ” ተብሎ አይታለፍም። መጀመሪያ ደኅንነት ይቅደም። ከአደጋው ራቁ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ለሕግ አመልክቱ። ጳውሎስ ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊውን የሚቀጣ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ይላል (ሮሜ 13፥4)፤ ስለዚህ ለሕግ ማመልከት እምነት ማጣት አይደለም። ይቅር ማለትና ወደሚደበድብ እጅ መመለስ ለየቅል ናቸው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ “በቤታችሁ ጨርሱት” አትበሉ።

4. ቃሉን ቤት ውስጥ አውሩት

ዘዳግም 6፥7 ቃሉን በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ለልጆችህ አስተምር ይላል። ተራ የሆኑ ሰዓቶችን ነው የጠራው። የግድ ረጅም ጉባኤ ቤት ውስጥ መክፈት የለባችሁም። ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አጭር ክፍል ይነበብ፣ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፣ አንድ ሰው በአጭሩ ይጸልይ። ልጁ እያዛጋ የሚጨርሰው የአንድ ሰዓት ትምህርት ነገ እንዲሸሽ ያደርገዋል።

ጥያቄውን ልጆቹ ቢጠይቁ ደግሞ የተሻለ ነው። የፋሲካን ሥርዓት እግዚአብሔር ሲሰጥ ልጆቻችሁ “ይህ ሥርዓት ምንድን ነው?” ባሏችሁ ጊዜ እንዲህ መልሱላቸው ብሎ ነበር (ዘጸ. 12፥26-27)። ከዮርዳኖስ የተወሰዱት 12 ድንጋዮችም የተተከሉት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነው (ኢያሱ 4፥6-7)። የልጅ ጥያቄ ከመጀመሪያውም ታስቦበታል ማለት ነው። ስለዚህ “እግዚአብሔር ካለ ለምን አያቴ ሞተች?” ሲላችሁ አትደንግጡ፣ አትቆጡም። መልሱን ካላወቃችሁት “እኔም አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ” በሉ። ከዚያ ግን በእርግጥ ፈልጉ፤ በሳምንቱ ተመልሳችሁ አንሱለት። ልጅ የተረሳች ጥያቄውን አይረሳም።

ቃሉን መግረፊያ አታድርጉት። አንድ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሰማው ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ፣ ጥቅስ ሲጀመር ትከሻው ይሰበሰባል። ሲያስደስታችሁም ጥቀሱለት። ወንድሙን ሲረዳ ባያችሁት ጊዜ “ጌታ የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር እኮ ነው” በሉት።

ቤት ውስጥ ብቻችሁን የምታምኑ ደግሞ አላችሁ። የጢሞቴዎስን ቤት አስቡ። አባቱ የግሪክ ሰው ነበር፣ እናቱ ያመነች አይሁዳዊት (ሐዋ. 16፥1)። ጳውሎስ እምነቱን ሲያነሳ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ነው የሚጠራው (2 ጢሞ. 1፥5)። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን አውቋል። እዚያ ቁጥር ላይ የተጠሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። የማያምን የትዳር ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ የጴጥሮስን ምክር ያዙ፦ ያለ ቃል፣ በኑሮ (1 ጴጥ. 3፥1-2)። በየዕለቱ መስበክ ይቅር፤ በየዕለቱ ቃላችሁን መጠበቅ ግን አይቅር።

5. ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን ፈትሹ

አጭር ነው ግን ያማል። የሳምንቱን ፕሮግራም አውጡና ለጉባኤ የሰጣችሁትን ሰዓትና ለቤተሰባችሁ የሰጣችሁትን ጎን ለጎን ጻፉ። ጌታ ማርቆስ 7፥9-13 ላይ አባትና እናታቸውን የሚጦሩበትን ገንዘብ “ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል” እያሉ የሚከለክሉትን ሰዎች በብርቱ ወቅሷል። በእግዚአብሔር ስም ከቤተሰብ ማምለጥ ድሮም ነበረ ማለት ነው። ሦስት ምሽት መዘምራንና ስብሰባ ላይ ሆናችሁ ልጃችሁ የሚያገኛችሁ ተኝቶ ከሆነ፣ አንዱን ምሽት መልሱ። ወላጆቻችሁን መርዳት ያቆማችሁ ከሆነም ከዚህ ወር ጀምሩ።

6. አሁን ወደ ጉባኤው

ቤት ውስጥ የተለማመዳችሁትን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ላተኩር።

የመጀመሪያው ቅሬታ ነው። ማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተሉን ግልጽ አድርጎታል። ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር። ያንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ጓደኛ ይሰማል፣ ቀጥሎ የጸሎት ቡድኑ፣ በመጨረሻ ባለጉዳዩ ራሱ በሰው በሰው ይሰማል። “እንጸልይለት ብዬ ነው እንጂ” እየተባለ የሚወራ ሐሜት ብዙ ጉባኤ ጎድቷል። ሰው ስለ ሌላ ሰው ቅሬታ ይዞ ሲመጣባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ “ለእሱ ነግረኸዋል?” ካልነገረው “ብቻህን ሂድና ንገረው፤ ካልሰማህ አብሬህ እሄዳለሁ” በሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ የሐሜት መድኃኒት አላየሁም።

ስትናገሩም እንዴት እንደሆነ ከጵርስቅላና ከአቂላ ተማሩ። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ባልና ሚስቱ ምኩራብ ውስጥ ተነስተው አላረሙትም። ወደ እነሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው በትክክል ገለጡለት (ሐዋ. 18፥24-26)። ሰውየው አላፈረም፣ አገልግሎቱም ቀጠለ። የአገልጋይ ስህተት ስታዩ ስልክ ደውሉና “አግኝቼ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ” በሉት። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ መጨረሻ ላይ እንኳ አይመጣም።

ሁለተኛው፣ ማንም የማያየው ሰው ነው። በኢየሩሳሌም ጉባኤ ውስጥ ከግሪክ አገር አይሁድ ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉ። ማንጎራጎር ተነሳ። ሐዋርያት “ለምን ታጉረመርማላችሁ?” ብለው ዝም አላሰኟቸውም። ጉባኤውን ሰብስበው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፣ ሥራውንም ሰጧቸው (ሐዋ. 6፥1-6)። ቅሬታ ተሰማ፣ ሰው ተመደበ፣ ችግሩ መፍትሔ አገኘ። እናንተም እሁድ ከጉባኤ ስትወጡ ከለመዳችሁት ጓደኛ ጋ ከመቆማችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ብቻዋን የምትወጣ እናት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ ሰሞኑን የቀረ ሰው። አንዱን ምረጡ። ያዕቆብ “ሙቁ፣ ጥገቡ” ብሎ ባዶ እጁን የሚያሰናብተውን ይነቅፋል (2፥15-16)። ስለዚህ “እንጸልይልሻለን” ብላችሁ አትለዩ። “ማክሰኞ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ” በሉ፣ ማክሰኞም ሂዱ።

7. በሳምንቱ መጨረሻ ተጠያየቁ

ቅዳሜ ማታ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡ። ከትዳር ጓደኛችሁ ወይም ከአንድ የምታምኑት ክርስቲያን ጋር ቁጭ በሉ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ አደረግከው? ምን ሆነ? በምን ልርዳህ? ምርመራ አታድርጉት፤ ሩብ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። የተደረገውን አመስግኑበት። ሌላው ቤተሰብ ያየው ለውጥ ካለም ይናገር፤ ልጆች ደግሞ በዚህ ጎበዝ ናቸው፣ ሳይደብቁ ይነግሯችኋል።

ያልተደረገ ከሆነ አዲስ ቃል አትጨምሩ። ያንኑ ቃል ለሁለተኛ ሳምንት ያዙ፣ ተግባሩን ግን አሳንሱት። “በየማታው አልቆጣም” ከብዶ ከሆነ “ረቡዕ ማታ አልቆጣም” በሉ። በሦስተኛውም ሳምንት እዚያው ከቆማችሁ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያልተፈታ ቂም ሊሆን ይችላል፣ ድካም ሊሆን ይችላል፣ የተደበቀ ሱስም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ብቻችሁን አትታገሉ። ወደ መጋቢያችሁ፣ ወደ ካህናችሁ ወይም ወደ በሰለ አማካሪ ሂዱና ወረቀቱን አሳዩት።